ፌስታል ሙሉ ደብዳቤ

እማማ ቶናውን ቀድተው ሲያበቁ ከበርጩማቸው ተነሥተው ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ። ሲመለሱ አንድ ጥቁር ፌስታል ይዘዋል። አፉ በሁለት ቋጠሮ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፤ ከአልጋ ሥር መውጣቱን የለበሰው አቧራ ይናገራል። ጭኔ ላይ አኖሩትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ አንቺ ቋንቋቸውን ታውቂያለሽ፤ እስቲ ይህን እይልኝ። ክፉ ነገር ካለበት ግን ዛሬ አትንገሪኝ፤ ይህቺን ሌሊት እንኳ ልተኛበት» አሉኝ።

ቋጠሮውን ፈታሁ። ደብዳቤ ነው፤ ሁሉም እንደታሸገ። የመብራት ሒሳብ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የሱቅ ማስታወቂያ አንድ ላይ ተደባልቋል። ከመካከሉ ስድስቱ ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ ናቸው፤ ከሲያትል ቤቶች ባለሥልጣን፣ እኛ በአጭሩ «ሃውዚንግ» ከምንለው። ስድስቱን በየቀናቸው ደርድሬ ከፈትኳቸው። የመጀመሪያው የዓመቱ የገቢ ምርመራ መድረሱን በትሕትና ያሳስባል። የሚከተሉት ቀጠሮ ይሰጣሉ። የመጨረሻው፣ በአሥር ቀን ውስጥ ካልቀረቡ የኪራይ ውልዎ ይቋረጣል ይላል። ከአሥሩ ቀን ሰባቱ አልፏል።

«ነገ በጠዋት አብረን እንሄዳለን» አልኳቸው እንጂ ምን እንደሚል አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም። በረካውን ጠጥተን ተለያየን።

ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ፣ በሲያትል ከተማ ዬስለር ቴራስ በሚባል ሰፈር ነው። ከመሀል ከተማው ራስጌ ባለ ኮረብታ ላይ የተደረደሩ ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ነበሩ፤ እያንዳንዱ የራሱ በርና የራሱ ቁራሽ ግቢ ያለው። ከታች ባሕሩ፣ ሰማይ ሲጠራ ደግሞ ከሩቅ የሬኒየር ተራራ በረዶ ይታያል። ቬትናማዊቷ ጎረቤታችን ቅጠላ ቅጠሏን፣ እኛ ጎመናችንንና ጤና አዳማችንን በየደጃችን እንተክል ነበር። እኔና ባለቤቴ እዚያ የገባነው በ1996 ነው። እሱ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል፤ እኔ ሰፈሩ አፍንጫ ሥር ባለው ሃርበርቪው ሆስፒታል የሌሊት ጽዳት እሠራለሁ። እማማ ሁለት በር አልፈው፣ ከሴት ልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር።

የሰፈሩን ታሪክ ያወቅሁት ኖሬበት ከቆየሁ በኋላ ነው። ባለሥልጣኑ የተቋቋመው በ1939 ሲሆን የመጀመሪያው ዳይሬክተር ጄሲ ኤፕስቲን ይባላል። በዚያ ዘመን የአሜሪካ መንግሥት የሚያከራያቸው ቤቶች ነጭና ጥቁር ተለያይተው የሚሰፍሩባቸው ነበሩ። ኤፕስቲን ግን ዬስለር ቴራስ ላይ ሰው በቆዳው ቀለም እንዳይለይ አጥብቆ ያዘ፤ ስለዚህም ሰፈሩ በአገሪቱ ከጅምሩ ዘር ሳይለይ ነዋሪ በማስገባት የመጀመሪያው ተብሎ ይታወቃል። ሲቆረቆር ያዘነ ሰው አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ለግንባታው ሲባል በኮረብታው ላይ የነበሩ የድሆች ቤቶች ፈርሰዋል፤ ከተነሡትም መካከል ብዙ የጃፓን ተወላጆች ነበሩ። በ1960ዎቹ አውራ ጎዳናው ሲቀደድ ደግሞ የሰፈሩን አንድ ወገን ቆርሶ ወሰደ። እኛ በነበርንበት ጊዜ የዋሽንግተን ስቴት ገዥ የነበሩት ጋሪ ሎክ የልጅነታቸውን መጀመሪያ ዓመታት ያሳለፉት በዚሁ ሰፈር ነው። ባለቤቴ ይህን የሰማ ዕለት ልጃችንን ጠርቶ ሁለት ጊዜ ደግሞ ነገረው።

በማግስቱ ከእማማ ጋር ወደ ቢሮው ስንሄድ መንገድ ላይ፣ «እማማ፣ ለምን ሳይከፍቱት ቀሩ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ተራመዱና፣ «የቀበሌ ወረቀት ተከፍቶ ደግ ነገር ወጥቶበት አያውቅም» አሉኝ።

እማማ አዲስ አበባ ውስጥ የኖሩት በቀበሌ ቤት ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የአነስተኛ ቤቶች ኪራይ ተቀነሰ፤ ርካሾቹ ቤቶችም ለቀበሌ ተሰጡ። የእሳቸውም ኪራይ ወርዶላቸው መርቀው ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1969 ዓ.ም. የቤት ለቤት አሰሳ፣ ያው ቀበሌ መዝገቡን ይዞ በራቸውን አንኳኳ። ስንት ናችሁ? ማን አድሯል? ስሙ በመዝገብ አለ? ወንድማቸው በዚያ ሌሊት እሳቸው ዘንድ አድሮ ነበር፤ ስሙ ግን በመዝገብ አልነበረም። ይዘውት ሄዱ፤ አልተመለሰም።

ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ እጄ ላይ ያለውን ቅጽ አየሁት። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ በቤቱ ውስጥ የሚኖሩትን ሰዎች ሁሉ ስም ይጻፉ ይላል። ሁለተኛው ምን ይሠራሉ፣ ስንት ያገኛሉ ይላል። ለእኔ ተራ ቅጽ ነበር። ለእሳቸው ግን በሩን ያንኳኳው ያው ሰው ነው። የእኛ ሰው ደብዳቤውን ከአልጋ ሥር የሚከተው ስለ ሰነፈ እንዳልሆነ በዚያች ጠዋት ተረዳሁ።

ቢሮው ውስጥ የተቀበለችን ሠራተኛ በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አቀረበችልን። እኔ አለሁ ብላት፣ «አንቺ ጎረቤታቸው ነሽ፤ ይህ የእሳቸው ጉዳይ ነው፤ በራሳቸው ቋንቋ በቀጥታ መስማት መብታቸው ነው» አለችኝ። ክፍያም የለውም። ከዚያ የቤቱን ነዋሪዎች ስትጠይቅ የእማማ ልጅ ከስምንት ወር በፊት ሥራ አግኝታ ወደ ሌላ ስቴት መሄዷ፣ ልጇንም ትምህርቷ እንዳይቋረጥ ለእናቷ ትታላቸው መሄዷ ወጣ። ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣ «እስካሁን ስንት ይከፍላሉ?» አለች። ከ400 ዶላር በላይ ነበር። ኪራዩ የሚሰላው አሁንም በሄደችው ልጅ ደመወዝ ነው። እማማ ለአረጋውያን ከሚሰጠው የመንግሥት ድጎማ ላይ አብዛኛውን ለኪራይ እየሰጡ፣ የጎደለውን ከዕቁብና ከጎረቤት እየተበደሩ ስምንት ወር ኖረዋል።

ሠራተኛዋ ስሌቱን ፊታችን ሠራችው። በወር 510 ዶላር ገደማ ገቢ፤ በዚያን ጊዜው ደንብ በዓመት 480 ዶላር ለልጅቷ፣ 400 ዶላር ደግሞ ለአረጋዊነታቸው ይቀነሳል፤ ከተረፈው 30 በመቶ። 131 ዶላር ወጣ። እማማ ቁጥሩን በአማርኛ ሲሰሙ ስልኩን ከጆሯቸው አላወረዱም፤ «ድገምልኝ» አሉት አስተርጓሚውን። ደገመላቸው። ስድስቱ ደብዳቤዎች ይህንኑ ሊነግሯቸው ነበር በር በሩን ሲያንኳኩ የከረሙት።

በአንድ ዓመት ውስጥ የእማማ ወሬ ሰፈሩን አዳረሰ። ሰው ደብዳቤውን ይዞ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። ቆይቼ ሥልጠናውን ወስጄ በአስተርጓሚነት ተቀጠርኩ፤ ጽዳቱንም ተውኩ። የነገሩን አሠራር ከሥር መሠረቱ ያወቅሁት ያኔ ነው።

የእኛ ሰው «ሎው ኢንካም ቤት» ብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው እንደ ዬስለር ቴራስ ቤቱ ራሱ የባለሥልጣኑ የሆነበት ነው፤ መነሻውም እ.ኤ.አ. የ1937 የቤቶች ሕግ ነው። ሁለተኛው ሴክሽን 8 የሚባለው ነው፤ ፕሬዚዳንት ፎርድ ነሐሴ 1974 በፈረሙት ሕግ መጣ። በዚህኛው ቤቱ የግለሰብ ነው። ተከራዩ ቫውቸሩን ይዞ ቤት ይፈልጋል፤ ድርሻውን ይከፍላል፤ ቀሪውን ባለሥልጣኑ ከፌዴራል መንግሥት በሚመጣ ገንዘብ በቀጥታ ለአከራዩ ይልካል። ብሩ በተከራዩ እጅ አይገባም።

በሁለቱም ድርሻህ የሚታሰበው በገቢህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሴናተር ኤድዋርድ ብሩክ ባቀረቡት ማሻሻያ የመንግሥት ቤት ተከራይ ከገቢው ከሩብ በላይ እንዳይከፍል ተደነገገ፤ በ1981 ወደ 30 በመቶ ከፍ አለ። ለእማማ ይህን ያስረዳኋቸው እንዲህ ብዬ ነው፦ «በቀበሌ ቤት ኪራዩ የቤቱ ነው፤ ቢያልፍልዎም ቢጎድልብዎም ያው ነው። እዚህ ኪራዩ የእርስዎ ነው፤ ሲያገኙ አብሮ ይወጣል፣ ሲያጡ አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ነው ደጋግመው የሚጠይቁዎት።» ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ከጠየቁኝ ነው የሚቀንሱልኝ በይኛ» አሉ። ከዚያ በላይ አሳጥሮ ያስቀመጠው ሰው አላጋጠመኝም።

በራሴም ቤት አይቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2001 ኒው ዮርክ ላይ የአውሮፕላኑ ጥቃት ከደረሰ በኋላ ሰው አውሮፕላን መሳፈር ፈራ፤ የባለቤቴ የሥራ ሰዓት በግማሽ ወረደ። ባለቤቴ ኩሩ ሰው ነው፤ «ነገሩ እስኪስተካከል ዝም ብለን እንክፈል፤ ለምኖ ከመኖር ይሻላል» አለ። ልመና እንዳልሆነ፣ ገቢ ሲቀየር ማሳወቅ ግዴታችን እንደሆነ ከቅጹ ላይ አንብቤ አሳየሁት። የደመወዝ ወረቀቱን አስገባን፤ ኪራያችን ቀነሰ። ሰዓቱ ሲመለስለትም በዚያው ሳምንት ራሱ ሄዶ አሳወቀ፤ ኪራዩ ወጣ። በዚያ ክረምት ልጃችን ትምህርት ቤት አልቀየረም፤ ማታ ማታ ገበታችን አልጎደለም። ድሃ ቤት ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

ቫውቸሩ ግን ሌላ ፈተና አለው። እንደ ምግብ ድጎማው ለደረሰበት ሁሉ የሚሰጥ አይደለም፤ ኮንግረስ በየዓመቱ በሚመድበው ገንዘብ ልክ ነው። በአገሪቱ በገቢያቸው ለኪራይ ድጎማ ብቁ ከሆኑት ቤተሰቦች የሚያገኙት ከአራት አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ተራ አለ፤ ተራውም ዓመታት ይፈጃል። በብዙ ከተሞች የተራው መዝገብ ራሱ ተዘግቶ ይከርምና ለጥቂት ቀናት ይከፈታል፤ የተመዘገበው በዕጣ ይለያል።

የሦስት ልጆች እናት የሆነች አንዲት እኅታችን ዕጣው ወጥቶላት ባለሥልጣኑ ለሚሰጠው ገለጻ አብሬያት ሄድኩ። ዘመድ ቤት ሶፋ ላይ ነበር ከነልጆቿ የምታድረው። ቫውቸሩን ስትቀበል ሳመችው። እኔ ግን ዓይኔ ከታች የተጻፈው ቀን ላይ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ቤት ካላገኘችና ማራዘሚያ ካልጠየቀች ወረቀቱ ይሞታል። ከዚያ ስልክ መደወል ጀመርን። አንዱ አከራይ የልጆቿን ቁጥር ሰምቶ ዘጋው። ሌላው በግልጽ፣ «ሴክሽን 8 አልቀበልም» አላት። ሲያትል ውስጥ ተከራይን በሴክሽን 8 ምክንያት መከልከል ከ1989 ጀምሮ በከተማው ደንብ የተከለከለ ነው፤ እሷ ግን ይህን አታውቅም፣ አንገቷን ደፍታ ስልኩን ዘጋች። ደንቡን አስረዳኋትና ከዚያ በኋላ በደወለች ቁጥር ከፊቷ እንዲሆን ጽፌ አኖርኩላት። (በመላው ዋሽንግተን ስቴት ተመሳሳይ ሕግ የወጣው በ2018 ነው።) በስንት ልመናና በአንድ ማራዘሚያ በሬኒየር ጎዳና ዳር አንዲት ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተገኘች። ኢንስፔክሽን መጣ፤ አንዱ የምድጃ ዓይን አይነድም፣ የአንዱ መስኮት መቆለፊያ አይሠራም ተብሎ ቤቱ ወደቀ። አከራዩ አስጠግኖ እንደገና እስኪታይ እሷ ሶፋው ላይ ነበረች። በገባች ዕለት ልጆቿ ክፍል ለክፍል እየሮጡ በር ይከፍቱና ይዘጉ ነበር፤ እስከዚያ ቀን የራሳቸው በር አልነበራቸውም።

በዓመቱ ለኢንስፔክሽን አብሬያት ተገኘሁ። የጭስ መጠቆሚያው ባትሪ የለውም። ቡና በቆላች ቁጥር ስለሚጮህባት አውጥታ መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች። ሁላችንም እንዲሁ ነን። ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ሐበሻ ቤት ሁሉ መጀመሪያ ቀና ብዬ ጣሪያውን አያለሁ፤ «መስኮት ክፈቱና ቁሉ፤ ባትሪውን ግን መልሱ» እላለሁ። ጉዳዩ የኢንስፔክሽን ብቻ አይደለም፤ የተኙ ልጆች ሕይወት ነው።

ሁሉም ታሪክ ግን እንዲህ አላለቀም። ሌላ ከተማ የምትኖር አንዲት ጓደኛዬ ተራዋን አራት ዓመት ጠበቀች። በአራቱ ዓመት ሦስት ጊዜ ቤት ቀይራለች፤ አድራሻዋን ግን አላስቀየረችም። ተራዋ ሲደርስ ደብዳቤው ወደ መጀመሪያው ቤት ሄደ፤ ተመለሰ፤ ስሟም ከመዝገብ ተሰረዘ። ይህን ያወቀችው በዓመቱ ደውላ ስትጠይቅ ነው። ውሳኔን ለመቃወም የሚፈቀደው ቀን አልፎ ነበር። አንዲት የአድራሻ ለውጥ ወረቀት፣ አምስት ደቂቃ የማትፈጅ፣ አራት ዓመቷን በላች። ስታለቅስ የምላት አጣሁ፤ እኔ ራሴ አንድ ቀን፣ «አድራሻሽን አስቀይረሻል?» ብዬ ጠይቄያት እንዳላወቅሁ ትዝ አለኝ።

ከዚያ የኛም ተራ ደረሰ። ዬስለር ቴራስ አርጅቷል፤ ፈርሶ በአዲስ ይሠራል የሚል ወሬ ለዓመታት ሲናፈስ ቆይቶ በ2012 የከተማው ምክር ቤት ዕቅዱን አጸደቀ። 561ዱም ቤቶች የሚነሡ ሆኑ። በመሰብሰቢያው አዳራሽ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በቬትናምኛና በቻይንኛ እያስተረጎምን ስንት ማታ አመሸን። የሰዉ ፍርሃት አንድ ነበር፤ «እንመለሳለን ብለው ያወጡንና አንመለስም።» ፍርሃቱን አልነቅፍም፤ ከየአገሩ ይዞት የመጣው ነው። ባለሥልጣኑ ግን ነባር ነዋሪ የመመለስ መብት እንዳለው፣ የሚፈርሰው የድሃ ቤት ቁጥርም እንደሚተካ በጽሑፍ ሰጠ። እኔ በየስብሰባው የምደግመው አንድ ቃል ነበር፤ «ወረቀቱን አትጣሉት።»

የእማማ ደብዳቤ የመጣ ዕለት በሬን ያንኳኩት ራሳቸው ናቸው። ፖስታው ተከፍቷል፤ በመቀስ፣ ጫፉ ሳይቀደድ። የልጅ ልጃቸው ያን ጊዜ ኮሌጅ ደርሳለች፤ አንብባላቸዋለች። እኔ ዘንድ የመጡት ለማስነበብ አልነበረም። «እኔ የመመለስ መብት አለኝ ይላል። አንቺስ ያንቺን አንብበሽዋል?» አሉኝ።

እማማ ለጊዜው ወደ ሌላ የባለሥልጣኑ ሕንጻ ተዛወሩ። በ2015 ከአዲሶቹ ሕንጻዎች አንዱ ተጠናቆ ተከፈተ፤ ስሙ «ከበሮ ኮርት» ነው። የእኛው ከበሮ፣ የቤተ ክርስቲያኑና የሠርጉ። ከዚያ በኋላ ከተሠሩት አንዱ ደግሞ ቬትናማውያን በአዲስ ዓመታቸው ከሚያጌጡበት አበባ ስሙን ወስዶ «ሆዋ ማይ» ተባለ። እማማ ከበሮ ኮርት ሲገቡ ዕቃቸውን ተሸክሜ አብሬያቸው ወጣሁ። አሳንሰሩ ውስጥ፣ «ምን አሉት ስሙን?» ብለው ጠየቁኝ። ስነግራቸው መልስ አልሰጡኝም፤ በመዳፋቸው የአሳንሰሩን ግድግዳ ሁለቴ መታ መታ አደረጉት። የድሮዋ ደጃቸውና ጎመናቸው እንደማይመለሱ ያውቃሉ፤ አዝነዋልም። ግን በዚያች ቀን ቤት የማጣት ስጋት አልነበረባቸውም።

ዛሬ ይህን የምጽፈው ሰፈሩን ለመናፈቅ ብቻ አይደለም። በሲያትልም፣ በዋሽንግተን ዲሲም፣ በሚኒያፖሊስም፣ የእኛ ሰው ባለበት ከተማ ሁሉ ከአልጋ ሥር የተቋጠረ ፌስታል እንዳለ ስለማውቅ ነው። እናንተ በዚህ አገር ትምህርት ቤት ያለፋችሁ ልጆች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እናታችሁን ወይም አክስታችሁን ስትጠይቁ ቡናውን ጠጡ፤ ከዚያም፣ «ደብዳቤው የት ነው ያለው?» በሉ። አትቆጧቸው፤ ለምን እንደፈሩ ጠይቋቸው። በቀኑ ደርድሩት፣ ክፈቱት፣ የገቢና የአድራሻ ለውጥ ካለ በዚያው ሳምንት አሳውቁ፤ በአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ቋጠሮውን የሚፈታ አንድ ሰው በየቤቱ ይኑር።